ቅጣቱን ማን ከፈለ?

ሐጂ ኑዕማን የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ መጋዘናቸው ወለል፣ በፈሰሰ የማሾ እህል መካከል ተዘርረው ነው። በማሾ ወቅት መጋዘኑ ውስጥ ነው የሚያድሩት። ቁርስ ይዘውላቸው የመጡት ባለቤታቸው እትዬ ሙሀባ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። ጩኸታቸው አስፋልቱን ተሻግሮ መናኸሪያ ድረስ ተሰማ።

እኔ ስደርስ ሐጂ ገና ይተነፍሱ ነበር። ከጭንቅላታቸው ጀርባ የፈሰሰው ደም ከአረንጓዴው ማሾ ጋር ተጋግሮ ደርቋል። እህል የሚመዘንበት የባስኩላው ብረት ጥግም ደም ነክቶታል። ሰዎች በአንሶላ ተሸክመው ሲያወጧቸው ቀኝ እጃቸው ተፈታና አንድ የተጨማደደ ወረቀት ወደቀ። አነሳሁት። ቼክ ነው። አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር፣ ለአምጪው የሚከፈል፣ ፈራሚው የካራቆሬው ማሾ ነጋዴ ኸይረዲን። አጣዬ ያለው የባንኩ ቅርንጫፍ ሰኞ ጠዋት «በቂ ስንቅ የለውም» የሚል ቀይ ማኅተም መትቶ መልሶታል።

ሳጅን ሮቤል በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበና ፊቱ በራ።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አለቀ! ትናንት ኸይረዲንና ሐጂ በዚህ ቼክ ሲጣሉ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሰዓት በከባዱ ጫማው ማሾውን እየጨፈለቀ፣ ማስረጃዬን በየጥጉ እየበተነ ነበር።

ዓለምፀሐይ እባላለሁ። በሸዋ ሮቢት ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሙቀት ስሠራ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የቆላ ሰው ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። በጋለበት ሰዓት እጁ ላይ ብረት ካለ ግን መብረዱ ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ቼኩ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእኛ አገር የማሾ ንግድ የሚዞረው በእምነት ነው። ገዢው እህሉን በዱቤ ይጭንና ለመተማመኛ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ፈርሞ ይሰጣል። ሻጩ ቼኩን በጣሳ ያስቀምጠዋል እንጂ ባንክ አይወስደውም። ገዢው አዲስ አበባ ሸጦ ሲመለስ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ቼኩም ይቀደዳል። ሕጉ ይህን አያውቅም፤ ለሕጉ ቼክ ቼክ ነው። ስንቅ፣ ማለት ሂሳቡ ላይ ገንዘብ፣ ሳይኖረው ባንክ ከገባ ፈራሚው ቅጣት ይቆረጥበታል፣ ሲደጋገም ሂሳቡ ይዘጋል፣ ሊታሰርም ይችላል። ይህን እያወቅን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለን እንኖራለን። ይህን ቼክ ግን አንድ ሰው ቀን ጽፎበት ባንክ አስገብቶታል።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ነዒማ ጠቡን ከዳር እስከ ዳር አይታዋለች። ማየት ብቻ አይደለም፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተወነችልኝ።

«ኸይረዲን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባጃጅ ዘሎ ወረደ። ‹ሐጂ፣ አደራዬን በሉት! ቼኬን ባንክ ወስደው አሥር ሺህ ብር አስቀጡኝ! ማን ነው የሚከፍለው?› አለ። ሐጂም ‹ወላሂ ባንክ አልረገጥኩም! የፈረምክ አንተ፣ ባዶ ሂሳብ የያዝክ አንተ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?› አሉት። እሱ ‹ይህን ብር ሳልቀበል አላድርም› ብሎ እየዛተ ሄደ። ወይ ጉድ፣ እትዬ! ስንት ዓመት በአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች!»

«ከዚያ በኋላስ መጋዘኑ ውስጥ ምን አየሽ?»

«መብራቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። ሐጂ ተኙ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።»

ኸይረዲንን ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ፣ የአዲስ አበባ አውቶብስ ሊሳፈር ሲል ያዝነው። «የጫንኩት መኪና አዲስ አበባ ነው፣ ሽያጩን ልከታተል ነው» አለ። ሮቤል ግን ሽሽት ነው አለው። ስልኩንና ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በፌስታል አስረን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበትና ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

ከሐጂ ክፍል በር ላይ የወንድማቸው ልጅ ሳሊም ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሞት ሐጂ አምጥተው አሳደጉት፤ አሁን የመጋዘኑ ጸሐፊና ቀኝ እጃቸው ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ትናንት የት ነበርክ?» አልኩት።

«ማጀቴ ከተማ፣ እትዬ። ከገበሬ ማሾ ልረከብ ሄጄ እዚያው አደርኩ። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ነው የሰማሁት።» ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። «ለሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ብሎ! የእንዲህ ያለ ሰው ነፍስ!»

ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። እውነት አዘንኩለት። ወዲያው ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች፣ ሳሊም «መድኃኒቱን ልግዛ» ብሎ ተቀብሏት በሩጫ ወረደ። እኔም ሐኪሙን ልጠይቅ ገባሁ። ሐኪሙ ተስፋም አልሰጠኝም፣ ተስፋም አላስቆረጠኝም።

ከሰዓት በኋላ ኸይረዲን ፊቴ ተቀመጠ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው የካራቆሬ ሰው ነው፤ እጁ እንደ አካፋ ሰፊ ነው።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ካራቆሬ።»

«ባጃጅ ሾፌሩ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲል እዚሁ ሸዋ ሮቢት አይቶሃል።»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ኸይረዲን፣ ሐጂ ከሞቱ ክሱ ሌላ ነው።»

«የመጀመሪያ ልጄ ኒካህ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሐጂ ናቸው ሽማግሌ ሆነው ያጯት። እኔ እሳቸው ላይ እጄን የማነሳ ሰው ነኝ?»

«የት ነበርክ?»

«አልነካኋቸውም። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እትዬ።»

ዋሽቷል፤ ሮቤል በደስታ ወንበሩን ሊሰብረው ደርሷል። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ኸይረዲን በቼኩ ተናዶ ሐጂን ከመታ፣ ሊያስረው የሚችለውን ያንን ቼክ እንዴት እጃቸው ላይ ትቶት ይሄዳል?

ሲመሻሽ የሐጂ ሁለት ልጆች ከአጣዬ መጡ። ታላቅየው ሙሄ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረኝ።

«እትዬ ዓለምፀሐይ፣ እናከብርዎታለን። አባታችን እስከ ጁምዓ ካልተሻላቸው ግን፣ ከሶላት ስንወጣ የኸይረዲንን ወንድሞች እኛው እንጠይቃቸዋለን።»

ፈራሁ። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሸሽቶ የመጣውን ሰው በየትምህርት ቤቱ ካሰፈሩት አንዷ ነኝ። የሐጂ የድሮ ሱቅም ያኔ ነው ዓመድ የሆነው። ትንሽ እሳት የት እንደምትደርስ በዓይኔ ያየሁ ሴት ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት የኸይረዲንን ፌስታል ፈታሁት። ስልኩ ባትሪው ሞቷል። ከብሩ መካከል ሰኞ የተጻፈ የሚዛን ወረቀት ወጣ፤ አርባ ኩንታል ማሾ ይላል፤ ማኅተሙ የአማኑኤል ነው። አማኑኤል ከሐጂ ሦስት በር ርቆ ያለ የማሾ ነጋዴ ነው፤ ከሐጂ ጋር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

«ሁለቱ ተማክረው ነው!» አለ ሮቤል።

አማኑኤል መጀመሪያ «ኸይረዲንን ካየሁት ወር አልፎኛል» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት መሐረቡን አወጣ።

«እሺ። ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ባንኩ ሂሳቡን እንዳይዘጋበት ገንዘብ ፈለገ። ካራቆሬ ያስቀመጠውን አርባ ኩንታል በርካሽ ሸጠልኝ። መኪና ይዘን ሄደን ስንመዝንና ስንጭን ሦስት ሰዓት ሆነ።»

«ታዲያ ምን ያስደብቃል?»

«እህሉ የሐጂ ነዋ! በዱቤ የወሰደው ነው። ዋጋውን ሳይከፍላቸው ለእኔ፣ ያውም ለእኔ፣ ሸጠው። ይህ ከተሰማ እሱም እኔም በዚህ ገበያ ማን ያምነናል?»

አራቱም ጫኚዎች ይህንኑ ተናገሩ። መብራቱ በጠፋበት ሰዓት ኸይረዲን ካራቆሬ ጆንያ ይቆጥር ነበር። እኔ አመንኩ። የጣቢያው አዛዥ ግን አላመነም። «የአማኑኤል ጫኚ የአማኑኤልን ቃል ነው የሚናገረው» አለኝ። ሙሄና ወንድሙማ መስማትም አልፈለጉ። ቼኩን ማን እንዳስገባው እንዲነግረኝ አጣዬ ወዳለው ቅርንጫፍ ደወልኩ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ አሉኝ። ጻፍኩ። መልሱ ለሰኞ ተቀጠረ። ጁምዓ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የባንኩ ሕግ ደግሞ ደም አይቆጥርም።

ሐሙስ ጠዋት ኸይረዲን ከእስር ቤቱ ፍርግርግ ጀርባ ለመነኝ።

«እትዬ፣ ለመኪናው ሾፌር ደውይልኝ። ማሾው ተሸጦ ከሆነ የሐጂ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ለሕክምናቸው ይሁን።»

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። እንደበራ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ከባንኩ፣ ቀድሞ ከደረሰው ጋር፣ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ የመጣው ነው፤ ለተመለሰ ቼክ ቅጣት ብር 2,350 ተቆርጧል። ሁለተኛው የማክሰኞ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር፤ ብር 2,350 ገቢ ሆኗል፤ አስገቢ፣ ኑዕማን።

እንደገና አነበብኩት። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሐጂ ኑዕማን ጭንቅላታቸው ታስሮ፣ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኝተው ነበር። እኔ አልጋቸው ግርጌ ቆሜ ነበር።

ስልኩን ይዤ ወደ ኸይረዲን ሮጥኩ።

«ቅጣቱ አሥር ሺህ አልነበረም?»

አንገቱን ደፋ። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። ለሐጂ እንዲከብድባቸው ብዬ ነው አሥር ሺህ ያልኩት። በንዴት ነው።»

«እውነተኛውን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ዋሸሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ?»

«ነዒማ አሥር ሺህ ነው የሰማችው። ሙሄም አማኑኤልም አሥር ሺህ ነው የሚሉት» አልኩ ለራሴ። ያኔ ከሆስፒታሉ በር ላይ፣ ግንባር ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተመለሰ። የባንኩን መልእክት ሳያይ፣ ቁጥሩን እስከ ሃምሳዋ ብር ድረስ የጠራ አንድ ሰው ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩለት!

ሳሊምን ያገኘሁት ሆስፒታሉ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ሦስት ቀን ከዚያ አልተነሳም ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሮቤልን በር ላይ አቆምኩት።

«ማክሰኞ መድኃኒት ልግዛ ብለህ ወጥተህ፣ ቀድመህ የገባኸው ባንክ ነው» አልኩት።

በጫማው ጫፍ መሬቱን ጫረ።

«የኸይረዲንን ቅጣት በሐጂ ስም ከፈልክለት። ስንት እንደሆነ ማን ነገረህ?»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ከተማው የሚያውቀው አሥር ሺህ ነው፣ ሳሊም።»

ከመሬት አንዲት የደረቀች ቅጠል አነሳ፤ በጣቶቹ መካከል ፈረፈራት።

«ገንዘብ ከፋይዋ ናት የነገረችኝ» አለ። «አጣዬ። ሂሳቡ ባዶ ነው ስትለኝ ‹ቅጣቱስ ማን ላይ ነው?› አልኳት። ‹በፈራሚው ነው፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይቆረጥበታል› አለችኝ። ኸይረዲን ምንም ያላደረገኝ ሰው ነው፣ እትዬ። ልጅ ሆኜ በትከሻው ተሸክሞኝ ያውቃል።»

«ስለምን ወሰድከው?»

«ሳሚያ» አለ።

እህቱ ናት። ቤተሰቡ ሁሉ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ትሠራለች ብሎ ነው የሚያውቀው። እሱ ግን በጅቡቲ በኩል ለሚያሻግሩ ደላሎች በእጁ ሰጥቷታል፤ ሳዑዲ ገብታ ሁለታችንም ሰው እንሆናለን ብሎ። አሁን የመን ውስጥ ይዘዋታል፤ ሦስት መቶ ሺህ ብር ካልተላከ ብለው ስትደበደብ ድምፅዋን በስልክ ያሰሙታል። ስልኩን አውጥቶ ሊያሰማኝ ፈለገ፤ እጁን ያዝኩት። መስማት አልቻልኩም።

«አጎቴን እንዳልጠይቅ፣ እኔ ነኝ የላክኋት እንዴት እላለሁ? የኸይረዲን መኪና አዲስ አበባ ገባ ሲባል ሂሳቡ ሞልቷል ብዬ ቼኩን ከጣሳው ወሰድኩ። ለአምጪው ነው የሚለው። ሐጂ ሳያውቁ መልሼ እተካለሁ አልኩ። የቸኮልኩ እኔ ነኝ፤ ማሾው ገና አልተሸጠም ነበር።»

«ሰኞ ማታስ?»

«ከአጣዬ ማጀቴ ሄድኩ፣ መረጋጋት አቃተኝ፣ በመሸ ተመልሼ በጓሮ በር ገባሁ። ሐጂ ጣሳውን ከፍተው ባዶውን ይዘው ቆመዋል። ቼኩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ የሳሚያንም ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም። ‹አደራው ከእኔ እጅ ነው የወጣው፤ ቅጣቱም የእኔ ነው። ነገ ጠዋት ባንክ ሂድና በስሜ ክፈልለት› አሉኝ። ከዚያ ‹አሁኑኑ ሄጄ ኸይረዲንን አውፍ፣ ይቅር በለኝ ልበለው፣ ሰው ፊት ሐሰተኛ አድርጌዋለሁ› ብለው ተነሱ። ከነገሩት የሳሚያ ነገር አደባባይ ይወጣል። በሩ ላይ ያዝኳቸው፣ ለመንኳቸው። አልሰማ ሲሉኝ ጎተትኳቸው። ማሾው ፈሶ ነበር፤ እግራቸው ተንሸራተተና በባስኩላው...»

በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

«ሞቱ ብዬ ነው መብራቱን አጥፍቼ የሮጥኩት። ሙስሊም ዕዳ ተሸክሞ አይቀበርም፣ እትዬ። ያዘዙኝን ሳልፈጽም እንዴት ይቀበራሉ? ሐኪም ቤት ሳያቸው ነፍሳቸው አለ። ቢሆንም ከፈልኩ።»

አምርሬ ተናደድኩ። አዝኜለትም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ያማል።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳዋን ከፈልክለት» አልኩት። «ሦስት ቀን በአንተ ፈንታ መታሰሩንስ? ነገ ከሶላት በኋላ ወንድሞቹ ላይ የሚመጣውንስ? የዚህን ሐቅ በየትኛው ባንክ ልታስገባለት ነው?»

ብዙ ጊዜ አላሰበም። ተነስቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ከማሰሬ በፊት ግን ሙሄን አስጠራሁት፤ ሳሊም ሁሉንም ነገር በራሱ አፍ፣ ፊት ለፊት ነገረው። ሙሄ እጁን አነሳ። ከዚያ ያችው እጅ ወርዳ ፊቱን ሸፈነች፤ ሁለቱም እንደ ልጅ አለቀሱ። ሮቤል ዞሮ ወደ አስፋልቱ ማየት ጀመረ።

ጁምዓ ዕለት መስጊዱ ሞልቶ ሰው በሰላም ወጣ። እኔ ሁለት መኪና ፖሊስ ጥግ ላይ አቁሜ ላቤን እየጠረግኩ ነበር። ጠዋት ነገሩን ሁሉ ነግሬው የፈታሁት ኸይረዲን ወደ ካራቆሬ አልሄደም፤ ከሶላት በቀጥታ ሆስፒታል መጣና የሐጂ አልጋ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሐጂ ዓይናቸውን የገለጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ሙሀባን አዩ፣ ልጆቻቸውን አዩ፣ ከዚያ ኸይረዲን ላይ ቆዩ።

«ቅጣትህ... ተከፈለልህ?»

«ተከፍሎልኛል፣ ሐጂ።»

«ማን ከፈለ?»

«ሳሊም። በስምዎ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሌላስ የቀረህ ሐቅ አለ?»

ኸይረዲን ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አድሯል፤ የልጁ አማቾች ጋብቻውን ሊተዉት ነው የሚል ወሬ እስር ቤት ድረስ ደርሶታል።

«ምንም አልቀረኝም» አለ። «እኔ ነኝ ያለብኝ። አርባ ኩንታልዎን ለአማኑኤል ሸጬዋለሁ። አውፍ ይበሉኝ።»

ሐጂ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ስፌቱ ቆነጠጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ የት ነው?»

«እኔ ዘንድ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ሁሉንም ተናግሯል። የሳሚያንም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቢጠይቀኝ መጋዘኑን ሸጬ እሰጠው ነበር። መጋዘን ምንድን ነው? አንዴ ተቃጥሎብኝ አይቻለሁ።»

ኸይረዲን ከደረት ኪሱ የቼክ ደብተሩን አወጣ።

«ማሾው ትናንት ተሸጧል። የድሮው ቼክ ፖሊስ ዘንድ ነው፤ አዲስ ልፈርምልዎ። አራት መቶ ሰማንያው ሙሉ ነው። ሦስት መቶው ለልጅቷ ይድረስ።»

ፈርሞ ቀደደና አቀበላቸው። ሐጂ ወደ ብርሃኑ አቅንተው አዩት፤ መልሰው ሰጡት።

«ቀን ጻፍበት» አሉት።

ጻፈበት። እኔ የሳሊምን መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ የላክሁት፣ የሐጂንም የይቅርታ ቃል አያይዤ፣ በዚያው ቼኩ በተመነዘረበት ሰኞ ነው።